የውርስ ጉዳይ በግሪክ አገር፦ በእንግሊዝኛና በግሪክኛ መካከል የሕግ ተርጓሚና አስተርጓሚ ስንፈልግ ያየነው

ይህን ጽሑፍ የማቀርበው በግሪክ አገር የውርስ፣ የጋብቻ፣ የመዝገብ ወይም የፍርድ ቤት ጉዳይ ገጥሟቸው ቋንቋውን ለማያውቁ ወገኖቼ ነው። ከድሬዳዋ እስከ አዲስ አበባ ከግሪኮች ጋር የተጋቡና የተዋለዱ ቤተሰቦች ዛሬም አሉ፤ በአቴንስም ዕድሜያቸውን በሥራ ያሳለፉ እኅቶች አሉን። ከእነዚህ ወገኖች አንዱ በግሪክኛ የተጻፈና ማኅተም ያረፈበት ወረቀት እጁ ሲገባ ወዴት መሄድ እንዳለበት አስቀድሞ ቢያውቅ ብዙ ወራትና ብዙ ገንዘብ ይተርፈዋል። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ በተለይ ካልገለጽኩ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የእናቴ አባት የኬፋሎኒያ ሰው ነበሩ። በ1912 በዚያች ደሴት ተወልደው፣ ገና በወጣትነታቸው በጅቡቲ በኩል ድሬዳዋ ገብተው በንግድ ኖሩ፤ ያገቡትም የአገራችንን ልጅ ነበር። እናቴ ሕፃን ሳለች ስላረፉ ቋንቋቸውን ከእርሳቸው ለመማር አልታደለችም። ዛሬ እርሷም እኔም የምንኖረው ለንደን ነው። በ2022 በኬፋሎኒያ ዋና ከተማ በአርጎስቶሊ ከሚሠሩ አንድ ጠበቃ ደብዳቤ ደረሰን፤ ከደብዳቤውም ጋር የአንድ ኑዛዜና የአንድ አሮጌ የቤት ውል ቅጅ ተያይዟል። ጠበቃው በግርጌ በእንግሊዝኛ ካሰፈሩት አጭር ማስታወሻ የተረዳነው የአያቴ ታናሽ እኅት ልጅ ሳይወልዱ በስተርጅና ማረፋቸውንና እናቴ ከወራሾቹ አንዷ መሆኗን ብቻ ነበር። የቀረው ሁሉ በግሪክኛ ነው።

ለንደን ውስጥ ግሪክኛ የሚናገር ሰው ማግኘት አይከብድም። ብዙዎቹ ግን ቤተሰቦቻቸው ከቆጵሮስ የመጡ ናቸው፤ ደብዳቤውን መጀመሪያ ያነበቡልን ጎረቤታችንም ቆጵሮሳዊ አዛውንት ነበሩ። ቀና ሰው ናቸው፤ ጊዜያቸውን ሰጥተው ገጽ በገጽ ተረጎሙልን፤ ከዚያም የሟቿን ንብረት የሚያጣራ አስተዳዳሪ ስለሚኖር የእናቴን ድርሻ እርሱ እስኪያሳውቃት ድረስ መቸኮል እንደማያስፈልግ ነገሩን። ይህ በቆጵሮስ ልማድ ትክክል ነው። ቆጵሮስ እስከ 1960 በእንግሊዝ ቅኝ ግዛት ሥር ስለነበረች የውርስ አጣሪ ተሹሞ፣ ዕዳ ተከፍሎ፣ ቀሪው ለወራሽ የሚተላለፍበት አሠራር አላት። የግሪክ ሕግ ግን በሌላ መንገድ ይሄዳል፤ ንብረቱ ከነዕዳው በቀጥታ ወደ ወራሹ ያልፋል። በዚያን ጊዜ ይሠራበት በነበረው የፍትሐ ብሔር ሕግ ወራሹ ውርሱን አልፈልግም ለማለት አራት ወር፣ ውጭ አገር የሚኖር ከሆነ ደግሞ አንድ ዓመት ብቻ ይሰጠዋል፤ ጊዜው በዝምታ ካለፈ እንደ ተቀበለ ይቆጠራል።

ጠበቃው ይህን በደብዳቤው ሁለተኛ ገጽ ላይ ጽፈውት ነበር። ጎረቤታችን ዓረፍተ ነገሩን አንብበውታል፤ ሆኖም በሚያውቁት አሠራር መሠረት ስለተረዱት ክብደቱ ሳይታያቸው አለፈ። የጠበቃው ቢሮ ደውሎ ለምን መልስ እንዳልሰጠን ሲጠይቀን ከዓመቱ ብዙው ሄዷል። ሟቿ ዕዳ ያልነበረባቸው መሆኑ እግዚአብሔር የጠበቀን ነገር ነው፤ ዕዳ ቢኖርባቸው ኖሮ እናቴ ስሙን እንኳ ለማታውቀው አበዳሪ ተጠያቂ ትሆን ነበር። ስለዚህ ከማንኛውም ጥያቄ በፊት ተርጓሚውን ‘የሠሩት በየትኛው አገር ሕግ ነው፣ በግሪክ ነው ወይስ በቆጵሮስ?’ ብላችሁ ጠይቁ። ቋንቋው አንድ ነው፤ ሕጉ ሁለት ነው። ጉዳያችሁ በቆጵሮስ ከሆነ ደግሞ በ2019 በወጣው ሕግ መሠረት ቃለ መሐላ ፈጽመው የተመዘገቡ ተርጓሚዎች ስላሉ በቀጥታ ወደ እነርሱ መሄድ ይሻላል።

ከዚያ በኋላ ሥራውን ለአንድ የትርጉም ድርጅት ሰጠነው። ድርጅቱ በሁሉም ቋንቋ እሠራለሁ የሚል ነበር፤ ኑዛዜውን ወደ እንግሊዝኛ፣ የእናቴን የልደትና የጋብቻ ማስረጃ ወደ ግሪክኛ ተርጉሞ፣ በማኅተም አስውቦ ሰጠን። የኑዛዜው ትርጉም ሲነበብ ምንም እንከን አይታይበትም፤ እንግሊዝኛው ያማረ ነው። ቤቱ ለወንድሞች ልጆች እንደተሰጠ፣ ሟቿን እስከ መጨረሻው ያስታመሙ አንዲት ሴትም በቤቱ ውስጥ መኖር እንደሚችሉ ይናገራል። በዚህ ላይ ተመሥርተን ከእናቴ የአጎት ልጆች ጋር ቤቱን ስለመሸጥ መነጋገር ጀመርን።

ኋላ ያገኘናቸው የሕግ ተርጓሚ ዋናውን ጽሑፍ ሲያነቡት ግን ነገሩ ሌላ ሆነ። ሟቿ ለአስታማሚያቸው የሰጡት አስታማሚዋ በሕይወት እስካሉ ድረስ የሚጸና የአላባ መብት ነበር፤ የአገራችን የፍትሐ ብሔር ሕግም በዚሁ ስም የሚያውቀው መብት ነው። የአላባ ባለመብቷ በቤቱ መኖር ብቻ ሳይሆን ማከራየትና ኪራዩን መቀበል ትችላለች፤ የወንድሞቹ ልጆች በእጃቸው ያለው እርሷ በሕይወት እስካለች ድረስ ባዶ ባለቤትነት ነው። ሁለቱን ያላገናዘበ ሽያጭ ወይ አይሳካም፣ ወይ በፍርድ ቤት ያስከስሳል። የመጀመሪያው ተርጓሚ ግሪክኛ አልጎደለውም፤ የጎደለው የንብረት ሕግ ዕውቀት ነው። ያማረ ቋንቋ የትክክለኛ ትርጉም ማስረጃ አይደለም፤ እንዲያውም ስሕተቱ እንዳይታይ የሚሸፍነው እርሱ ነው።

ወደ ግሪክኛ የተተረጎሙት ወረቀቶችም አርጎስቶሊ ደርሰው ተመለሱ። እንግሊዝ አገር መንግሥት ያስማላቸው ተርጓሚዎች የሉም። እዚህ የተረጋገጠ ትርጉም የሚባለው ተርጓሚው ሥራው የዋናው ትክክለኛ ግልባጭ መሆኑን በጽሑፍ አረጋግጦ ቀኑን፣ ሙሉ ስሙንና አድራሻውን ሲያሰፍርበት ነው፤ ለእንግሊዝ መሥሪያ ቤቶች ይህ ይበቃል። ግሪክ ውስጥ ግን ኦፊሴላዊ ትርጉም ማን ሊሠራ እንደሚችል በሕግ ተወስኗል። ቀድሞ ይህን የሚሠራው የግሪክ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር የራሱ የትርጉም ክፍል ነበር፤ በ2021 ክፍሉ ተዘግቶ በምትኩ የተመሰከረላቸው ተርጓሚዎች መዝገብ ተቋቋመ። መዝገቡ በኢንተርኔት ለሁሉም ክፍት ነው፤ የቋንቋ ጥንድ መርጣችሁ ስም ዝርዝር ታወጣላችሁ። በውስጡ ካሉት መካከል በኮርፉ ደሴት በሚገኘው በኢዮኒያ ዩኒቨርሲቲ ትርጉምና አስተርጓሚነት ያጠኑ አሉ። ከእነዚህ ተርጓሚዎች ሌላ የግሪክ ጠበቆችም በሚያውቁት ቋንቋ የተጻፈን ሰነድ ተርጉመው የማረጋገጥ ሥልጣን ሕጋቸው ይሰጣቸዋል።

እንግዲህ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ወረቀቱን የሚቀበለው መሥሪያ ቤት የማንን ትርጉም እንደሚቀበል በጽሑፍ ጠይቁ። ተርጓሚውን አትጠይቁ፣ ጓደኛ አትጠይቁ፤ ተቀባዩን ጠይቁ። ውል አዘጋጅቶ የሚያረጋግጠው ኖታሪ፣ የመሬት መዝገቡና ፍርድ ቤቱ አንድ ዓይነት መልስ ላይሰጡ ይችላሉ፤ የሦስቱንም መልስ ይዞ መነሣት ያዋጣል።

ፍለጋውን እንደገና ስንጀምር ሥራውን ለሁለት ከፈልነው። እኛ ራሳችን እንድንረዳው የሚያስፈልገን ከግሪክኛ ወደ እንግሊዝኛ ያለው ትርጉም ነው፤ የግሪክ መሥሪያ ቤቶች የሚፈልጉት ደግሞ ከእንግሊዝኛ ወደ ግሪክኛ ያለውን ነው። ጥሩ ተርጓሚ በአብዛኛው ወደ አፍ መፍቻ ቋንቋው ብቻ ይተረጉማል፤ ስለዚህ ሁለት ሰው አስፈለገን። ለመጀመሪያው በ1910 የተመሠረተውን የእንግሊዝ ቻርተርድ ኢንስቲትዩት ኦቭ ሊንጉዊስትስንና በ1986 የተቋቋመውን ኢንስቲትዩት ኦቭ ትራንስሌሽን ኤንድ ኢንተርፕሪቲንግን የአባላት ዝርዝር ፈተሽን። በእነዚህ ዝርዝሮች ላይ ቋንቋን ብቻ ሳይሆን አቅጣጫውንና የሙያ መስኩን ጭምር መርጦ መፈለግ ይቻላል። ለሁለተኛው የግሪክን መዝገብ ተጠቀምን።

ለእያንዳንዱ ባለሙያ የጻፍንለት ደብዳቤ አንድ ዓይነት ነበር። ሰነዱ ምን እንደሆነ፣ በየትኛው ዓመት እንደተጻፈ፣ በእጅ ወይም በጽሕፈት መኪና መሆኑን፣ ምን ያህል ገጽ እንደሆነ፣ ለምን ጥቅም እንደሚውልና መቼ እንደሚያስፈልገን ገለጽን፤ ስሞቹን ሸፍነን የአንድ ገጽ ፎቶግራፍ አያያዝን። ከዚያም ጥያቄዎቻችንን አስከተልን፤ ኑዛዜና የቤት ውል ከዚህ በፊት ተርጉመዋል ወይ፣ ሥራውን ራስዎ ይሠሩታል ወይስ ለሌላ ያስተላልፉታል፣ ሌላ ሰው ያርመዋል ወይ፣ ሰነዱ ላይ የማይነበብ ቦታ ሲያጋጥም ምን ያደርጋሉ። የመጨረሻው ጥያቄ ከሁሉም ይልቅ ሰውን ይገልጣል። ብቁ ተርጓሚ የማይነበበውን ቦታ የማይነበብ ነው ብሎ በቅንፍ ያስቀምጣል፤ በግምት አይሞላም። ኑዛዜ ላይ የፊደል ስሕተት ቢኖር እንኳ አያርመውም፤ መኖሩን በማስታወሻ ይገልጻል።

ሁሉንም እሠራለሁ፣ ነገ ይደርሳል ብለው የመለሱልንን ወዲያው ተውናቸው። ከመለሱልን መካከል አንዲት ባለሙያ ግን የኩባንያ ውል እንጂ የእጅ ጽሑፍ ኑዛዜ ሠርተው እንደማያውቁ፣ የላክነው ገጽም ልምድ ያለው ዓይን እንደሚፈልግ ነግረውን፣ በጠበቃ ቢሮ ለዓመታት ወደ ሠሩ አንዲት የሥራ ባልደረባቸው መሩን። አልችልም ብሎ ወደሚችለው የሚመራ ባለሙያ ስታገኙ ምክሩን ተቀበሉ። ያ ምክር ነው የአላባውን ነገር ወዳወቁልን ተርጓሚ ያደረሰን።

የእጅ ጽሑፉና የአሮጌው ውል ጉዳይ ጥቂት ማብራሪያ ይፈልጋል፤ የግሪክ ዘር ያለባቸው ቤተሰቦቻችን የሚያስቀምጡት ወረቀት አብዛኛው አሮጌ ነውና። ግሪክ እስከ 1976 ድረስ የመንግሥት ሥራዋን የምትሠራው ካታሬቩሳ በሚባል፣ ሆን ተብሎ ወደ ጥንቱ እንዲጠጋ በተደረገ የጽሑፍ ቋንቋ ነበር። ሕዝቡ ከሚናገረው ያለው ርቀት ብዙ ነው፤ ዛሬ ትምህርት ቤት ያለፈ ግሪካዊ ወጣት የ1950ዎቹን የኖታሪ ውል ሳይቸገር አያነበውም። በፊደላቱ ላይ ይደረጉ የነበሩት ብዙ ምልክቶችም እስከ 1982 ቆይተው በዚያ ዓመት ወደ አንድ ተቀነሱ። የእኛ ውል በ1957 የተጻፈ ነው። በኦገስት 1953 የደረሰው ታላቅ የመሬት መንቀጥቀጥ የኬፋሎኒያን መንደሮች አፍርሷቸው ስለነበር ቤቱ እንደገና ሲሠራ የተጻፈው ውል የፈረሰውን ቤት፣ የቀረውን ቦታና የአዲሱን ቤት ወሰን በአንድ ላይ ይገልጻል፤ በኅዳጉም በእጅ የተጨመሩ ማስታወሻዎች አሉት። ኑዛዜው ደግሞ በ2009 የተጻፈ ቢሆንም አሮጊቷ የጻፉት በልጅነታቸው በተማሩት በቀድሞው አጻጻፍ ነው። በግሪክ ሕግ እንዲህ ያለ ኑዛዜ የሚጸናው ሙሉ በሙሉ በተናዛዡ እጅ ተጽፎ፣ ቀን ተደርጎበትና ተፈርሞ ሲገኝ ስለሆነ ተርጓሚው ጽሑፉ በእጅ መሆኑን፣ ቀኑ የት እንዳለ፣ ፊርማው የት እንዳረፈ ሁሉ በትርጉሙ ላይ ያመለክታል። ወረቀታችሁ ከ1976 በፊት የተጻፈ ከሆነ ካታሬቩሳ ያነባሉ ወይ ብላችሁ በግልጽ ጠይቁ።

ከሁሉ ያደከመን ግን የስም ነገር ነው። አያቴ የኬፋሎኒያ ጠባቂ በሆነው ቅዱስ ስም ጌራሲሞስ ተብለው ነበር የተጠሩት። በድሬዳዋ ወረቀቶች ላይ ገራሲሞ ተብለዋል፤ ከዚያ ወደ እንግሊዝኛ ሲጻፍ የመጀመሪያው ፊደል ተለውጦ በእናቴ ፓስፖርት ላይ ጀራሲሞ ሆነ። የትርጉም ድርጅቱ ይህን የእንግሊዝኛ ስም በድምፁ ወደ ግሪክኛ ሲመልሰው በግሪክ ምድር የሌለ ስም ተፈጠረ፤ የመዝገቡ ሠራተኞችም እናቴን የሟቿ ወንድም ልጅ ሳትሆን የሌላ ሰው ልጅ አድርገው አዩአት። በዚያ ላይ በአገራችን ልማድ የእናቴ ሁለተኛ ስም የአባቷ ስም ነው፤ የግሪኩ የቤተሰብ ስም በአንድም ወረቀቷ ላይ አልሰፈረም። የክርስትና ስሟም ከመጠሪያዋ የተለየ ስለሆነ ከቤተ ክርስቲያን የተሰጣት ማስረጃ ስለ ሌላ ሴት የሚናገር ይመስል ነበር። የግሪክ ሰነዶች ራሳቸው የአባትን ስም የሚጽፉት መጨረሻውን ለውጠው፣ ጌራሲሞስን ጌራሲሙ አድርገው ነው፤ ይህን ያላወቀ ሰው ሁለት ሰዎች ይመስሉታል።

መፍትሔው አንድ ገጽ ወረቀት ሆነ። የእያንዳንዱን የቤተሰብ ሰው ስም በአማርኛ፣ በእንግሊዝኛና በግሪክኛ፣ በየሰነዱ ላይ እንደተጻፈበት አደረጃጀት ጎን ለጎን አሰፈርን፤ መጠሪያ ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስምና የክርስትና ስም ለየብቻ። ተርጓሚዋ ይህን ይዘው የኢትዮጵያን የስም አሠራር የሚያስረዳ አጭር ማስታወሻ በትርጉማቸው ግርጌ ጨመሩ፤ ጠበቃውም በዚያ ላይ ተመሥርተው የተለያዩት ስሞች የአንድ ሰው መሆናቸውን የሚገልጽ ማረጋገጫ አሰናዱ። ይህን ወረቀት ከመጀመሪያው ቀን አዘጋጁት፤ ለምትቀጥሩት ተርጓሚ፣ ጠበቃና አስተርጓሚ ሁሉ ያንኑ ስጡ።

የቀን ነገርም እንዲሁ ነው። የእኛና የአውሮፓውያን አቆጣጠር በሰባት ወይም በስምንት ዓመት እንደሚለያይ ሁላችንም እናውቃለን፤ ብዙ ሰው የማያውቀው ግን ግሪክም እስከ 1923 ድረስ በአሮጌው የዩልዮስ አቆጣጠር ትጠቀም እንደነበር ነው። በዚያ ዓመት ከፌብሩዋሪ 15 ማግሥት ማርች 1 ተብሎ አሥራ ሦስት ቀን ተዘለለ። የአያቴ የልደት ቀን በደሴቲቱ የወንዶች መዝገብና በድሬዳዋው ወረቀት መካከል አሥራ ሦስት ቀን የሚለያየው በዚህ ምክንያት መሆኑን የገለጹልን ተርጓሚዋ ናቸው። ተርጓሚ ቀንን ቀይሮ መጻፍ የለበትም፤ በሰነዱ ላይ ያለውን እንዳለ ጽፎ፣ የትኛው አቆጣጠር እንደሆነና በሌላው መቼ እንደሚውል በማስታወሻ ማስፈር አለበት።

ከኢትዮጵያ የሚመጡ ወረቀቶችን በተመለከተ የማኅተሙ ቅደም ተከተል ወሳኝ ነው። የእናቴ የልደት ማስረጃ በአዲስ አበባ በውልና ማስረጃ፣ ከዚያ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር፣ በመጨረሻም በግሪክ ኤምባሲ ተረጋግጧል። እንግሊዝ አገር የተሰጡት ወረቀቶች ደግሞ አፖስቲል የተባለውን ማረጋገጫ አገኙ። ትርጉሙ የሚሠራው ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው፤ ምክንያቱም ማኅተሞቹና በጀርባ የተጻፉት ማረጋገጫዎች ራሳቸው መተርጎም አለባቸው። አስቀድሞ ያስተረጎመ ሰው ሁለት ጊዜ ይከፍላል። ከ2016 ወዲህ ወሳኝ ኩነት የሚሰጣቸው ማስረጃዎች በአማርኛና በእንግሊዝኛ ስለሚጻፉ፣ የድሮ የማዘጋጃ ቤት ወረቀት ብቻ ያላችሁ አዲሱን ብታወጡ ከአማርኛ የሚተረጉም ሰው መፈለግ ይቀርላችኋል። እኛ ከአማርኛ በቀጥታ ወደ ግሪክኛ የሚሠራ የሕግ ተርጓሚ ስላላገኘን እንግሊዝኛው ነው ድልድይ የሆነልን።

ወረቀቱ ሁሉ ከተሰናዳ በኋላ የአስተርጓሚ ጉዳይ መጣ። ተርጓሚ ጽሑፍን በጊዜው ይሠራል፤ አስተርጓሚ በአፍ የተነገረውን እዚያው ይመልሳል፤ ሙያቸው የተለያየ ነው። የተረጎሙልንን ባለሙያ አብረውን እንዲመጡ ስንጠይቃቸው ሥራቸው ብዕር እንጂ አንደበት እንዳልሆነ ነግረው እምቢ አሉን፤ ያንንም አከበርንላቸው። በግሪክ ሕግ የኖታሪ ውል ለተዋዋዮቹ ጮክ ተብሎ ይነበባል፤ ከእነርሱ አንዱ ግሪክኛ የማያውቅ ከሆነ አስተርጓሚ በኖታሪው ፊት ምሎ መገኘት አለበት። ኖታሪው ዘመድ ወይም በጉዳዩ ጥቅም ያለው ሰው እንደማይቀበሉ አስቀድመው ስላሳወቁን ግሪክኛ የሚያውቁት የአጎት ልጆች ሊያስተረጉሙልን አልቻሉም። ለንደን ባለው የግሪክ ቆንስላ ለጠበቃው ውክልና መስጠትም ይቻል ነበር፤ መጓዝ የማይችል ሰው ይህን ይምረጥ። እናቴ ግን የአባቷን አገር ማየት ስለፈለገች ሄድን።

አስተርጓሚ ስንመርጥ የገጠመን ጥያቄ ከባድ ነበር። አቴንስ ውስጥ በስደተኞች ጉዳይ ላይ የሚሠሩ የአማርኛና የግሪክኛ አስተርጓሚዎች አሉ፤ ሥራቸውም የተከበረ ነው። ከእነርሱ አንዱ ለእናቴ በአፍ መፍቻ ቋንቋዋ ይነግራት ነበር። ነገር ግን ያነጋገርናቸው በንብረት ውል ላይ ሠርተው አያውቁም። በሌላ በኩል በእንግሊዝኛና በግሪክኛ ለኖታሪዎች ለዓመታት ያስተረጎሙ ባለሙያ አገኘን። እናቴ ለንደን ውስጥ ለረጅም ጊዜ ሠርታ የኖረች በመሆኗ የሕግ ዕውቀት ያላቸውን መረጥን። እንግሊዝኛው ለሚያዳግተው ሰው ግን የማይገባውን ቋንቋ ከመስማት በአማርኛ የሚናገር አስተርጓሚ ይሻለዋል ብዬ አምናለሁ፤ ያን ጊዜ የውሉን ረቂቅ ከሳምንታት በፊት ለአስተርጓሚው መስጠት ግድ ነው።

ረቂቁን አስቀድሞ መስጠት ለእኛም ጠቀመን። አስተርጓሚዋ ውሉን፣ ኑዛዜውንና የስሞቹን ገጽ አስቀድመው አንብበው፣ ከእናቴ ጋር በስልክ ተነጋግረው፣ በምን ፍጥነት ቢናገሯት እንደምትረዳ አወቁ። በዕለቱ ከኖታሪው ጋር የተስማሙት ደንብ ቀላል ነበር፤ አንድ አንቀጽ ይነበባል፣ ይቆማል፣ ይተረጎማል፣ እናቴ ከገባት ብቻ ይቀጥላል። የግሪክ ኖታሪዎች ሲያነቡ ይፈጥናሉ፤ አስተርጓሚ ያልለመደው ሰው ሲያቋርጣቸው ያፍራል። እኚህ ሴት ግን በትሕትና፣ ያለ ማመንታት ያስቆሟቸው ነበር። የአላባው አንቀጽ ላይ ሲደርሱ እናቴ አስታማሚዋ ሲያርፉ ምን እንደሚሆን ጠየቀች። አስተርጓሚዋ ከራሳቸው መልስ አልሰጡም፤ ጥያቄዋን እንዳለ ለኖታሪው አቀረቡ፤ ኖታሪውም መብቱ በሞት እንደሚያበቃና ለወራሾቻቸው እንደማይተላለፍ፣ ያን ጊዜ ባለቤትነቱ ሙሉ እንደሚሆን አስረዷት። አስተርጓሚ ማለት ይህ ነው። ምክር የሚሰጥ፣ የሚያሳጥር፣ ‘ይህ አያስፈልጋችሁም’ የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ፊርማችሁን አቆዩ።

ስለ ክፍያ ጥቂት ልበል። የጽሑፍ ትርጉም ዋጋ በቃላት ወይም በገጽ ይሰላል፤ የአስተርጓሚ ዋጋ በሰዓት፣ በግማሽ ቀን ወይም በሙሉ ቀን ሆኖ የጉዞውና የማደሪያው ይጨመርበታል። ወደ ደሴት የሚሄድ አስተርጓሚ መርከብ ወይም አውሮፕላን ቢዘገይ ማን እንደሚከፍል በጽሑፍ ተስማሙ። በበጋ ወራት በደሴቶቹ ላይ ባለሙያም ማደሪያም ማግኘት ስለሚከብድ ቀጠሮውን ከቱሪስቱ ወቅት ውጭ ማድረግ ይረዳል። ለአላባው አንቀጽ የተከፈለው የባለሙያ ዋጋ ሊደርስ ከነበረው ክስ ጋር ሲተያይ ኢምንት ነበር፤ ቢሆንም ውድ መሆን ብቻውን ዋስትና አይሆንም፤ የመጀመሪያው ድርጅት ከሁሉም የበለጠ አስከፍሎን ነበር። በስልክ የሚገኙት የትርጉም ፕሮግራሞች ደብዳቤው ስለ ምን እንደሆነ ለማወቅና ለማን እንደሚሰጥ ለመወሰን ይጠቅማሉ፤ በእጅ የተጻፈ ኑዛዜ ላይ ግን አይታመኑም፤ የሚፈረምበትን ወረቀት በእነርሱ መረዳት ደግሞ ራስን ለአደጋ ማጋለጥ ነው። የፓስፖርትና የባንክ መረጃ ያለበትን ሰነድም በእነርሱ ላይ አትጫኑ።

በግሪክ የወንጀል ምርመራ ወይም ክስ የገጠመው ወገን ካለ ከላይ ያልኩት የክፍያ ነገር እርሱን አይመለከተውም። በ2010 የወጣው የአውሮፓ ኅብረት መመሪያ 2010/64 ተጠርጣሪው በሚረዳው ቋንቋ አስተርጓሚና የዋና ዋና ሰነዶች ትርጉም ያለ ክፍያ እንዲያገኝ መብት ሰጥቶታል። አስተርጓሚው የማይረዳውን የሚናገር ከሆነ ያንኑ በመዝገብ እንዲሰፍርለት ይጠይቅ፤ የጥራት ቅሬታ የማቅረብ መብትም በዚሁ መመሪያ ውስጥ አለ።

የእናቴ ድርሻ አሁን በስሟ ተመዝግቧል። ከእያንዳንዱ የተረጋገጠ ትርጉም ትርፍ ዋና ቅጅዎች አስወጥተናል፤ የመሬት መዝገቡ አንዱን፣ የግብር መሥሪያ ቤቱ አንዱን፣ ኖታሪው አንዱን ስለሚያስቀሩ በአንድ ቅጅ የሚሄድ ሰው መንገድ ላይ ይቀራል። የተርጓሚዋን የግርጌ ማስታወሻና የስሞቹን ገጽ ለእናቴ ታናሽ እኅት ልጆችም ልከንላቸዋል፤ እነርሱ አዲስ አበባ ሆነው የራሳቸውን ድርሻ ሲያስመዘግቡ በዚያው አጻጻፍ እንዲቀጥሉ፣ በመዝገቡም የአንድ ሰው ልጆች ሆነው እንዲገኙ ነው።